ሳቅ የመሰለኝ

በ2018 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ሰባ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ እናቴ የነገረችኝን ካመንን ማለቴ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ትምህርት ቤት ጥቂት ወራት ነው፣ ከዚያ ወዲያ ግንበኛ ሆኜ ኖርኩ። አጻጻፌ ቢጎረብጥ አንባቢ ይታገሰኝ።

ካዛንቺስ ግማሹ ፈርሶ የእኛ ግቢ ሳይፈርስ ቀርቶ ነበር። ከአጥሩ ማዶ ባዶ በቀረው መሬት ላይ በክረምቱ አረሙና አበባው ጉድ ብሎ በቀለና ንብ በዛብን። ሰዎቹ ሄዱ፣ ንቦቹ መጡ። ጠዋት ጠዋት አብረን ቡና የምንጠጣው አራት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ግድግዳ የምትጋራን ጎረቤታችን፣ እና ቄራ አጠገብ ሥጋ ቤት የሚሠራው ጎልማሳ። ጎረቤታችን ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ልጆቿ አግብተው የወጡላት ሴት ናት። ቡናው እሷ ደጃፍ ነው። ወሬያችንም ውሃ መጣ አልመጣም፣ የማን ጉልበት ሲቆረጥም አደረ፣ ይኸው ነው።

አንድ ጠዋት ጎረቤታችን የስኳሩን ዕቃ ስትከፍት ንብ እጇን ነደፈቻት። "ውይ!" አለችና ሳቀች። እኔ የቀበሌ መታወቂያዬን ከኪሴ አውጥቼ በጠርዙ ፋቅ ፋቅ አድርጌ መንደፊያዋን አወጣሁላት።

"ቀበሌ ዛሬ ገና ጠቀመን" አለ ሥጋ ቆራጩ።

ከዚያ መድኃኒት አዋቂው በዛ። ባለቤቴ ነጭ ሽንኩርት አለች። ሥጋ ቆራጩ የበሬ ሐሞት ልቀባት አለ፤ እሱ ለራስ ምታትም የሚያዘው ሐሞት ነው።

"ሐሞት የሚያስፈልገው ላንተ ነው" አልኩት፣ "ንብ አይተህ ስኒህን ጥለህ ለሮጥከው።"

"እሺ ጋሼ፣ እርስዎስ ምን ያዛሉ?"

"ቀይ ሽንኩርት። ለሁለት ቆርጦ ማሸት፣ በቃ።"

"አርባ ዓመት ሙሉ ነጭ ስል ቀይ ትለኛለህ" አለች ባለቤቴ።

የኔ አሸነፈ። ከሚጮህ ሰው ጋር ማን ይከራከራል! ቀይ ሽንኩርቱን ለጎረቤታችን አሸሁላት፣ እሷም ስኒዋን አነሳች። ያን ጊዜ የጉልምስናዬ ወሬ መጣልኝ።

"መስቀል ፍላወር ላይ ፎቅ ስንሠራ፣ መወጣጫው ላይ ተርብ ነደፈኝ። የት ቢሉ፣ መቀመጫዬን። ጓደኛዬ ጭቃ ነው መድኃኒቱ ብሎ ከባልዲ ዝቆ ለጠፈብኝ። ይብረድልኝ ብዬ ሱሪዬን ከፍ አድርጌ ሥራዬን ቀጠልኩ። ለካ ጭቃ አይደለም፣ ያቦካነው ሲሚንቶ ኖሯል!"

"ሱሪዎስ?" አለ ሥጋ ቆራጩ።

"ሱሪዬማ አብሮ ተለሰነ።"

"የእርስዎ ተረብ ከተርቡ ይብሳል!"

ጎረቤታችን ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። ስትስቅ ልማዷ ነው፤ የፊት ጥርሷ ከወለቀ ወዲህ ደግሞ ብሶባታል። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እኔ ሰው ሲስቅልኝ አልጠግብም፣ ይህ ጥፋቴ ነው። ስለዚህ ጨማመርኩበት። ምሳ ሰዓት ላይ ቁጭ ማለት አቅቶኝ እንደ ፈረስ ቆሜ መብላቴን፣ አውቶቡስ ውስጥ ቦታ ቢለቁልኝ አልቀመጥም ብዬ ትሑት መባሌን፣ ሁሉንም አወራሁ። ሥጋ ቆራጩ እንባውን ጠረገ፣ ባለቤቴ ስኒ መሰብሰብ ጀመረች። የጎረቤታችን ትከሻ ግን አሁንም ይንቀጠቀጣል። ወሬው አልቆ ሳቁ አላለቀም።

"ይብቃሽ እንጂ" አልኳት። ቀና አላለችም። ነጠላውን ከአፏ ሳብኩት።

ከንፈሯ አብጦ ሌላ ሰው ሆናለች። አንገቷ ላይ ቀይ እብጠት እዚህም እዚያም ወጥቷል። ስትተነፍስ ያፏጫል።

"ጉሮሮዬ..." አለች። የእሷ ድምፅ አልነበረም።

እዚህ ላይ እውነቱን ልጻፍ። እኔ መጀመሪያ ያልኩት "ሌላ ሽንኩርት አምጡ" ነው።

"አንተ ሰውዬ!" ብላ ጮኸችብኝ ባለቤቴ። "የተነደፈችው እጇን፣ ያበጠው ከንፈሯ! ሽንኩርትህን ተውና መኪና ፈልግ!"

ሳልከራከራት የተነሳሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሥጋ ቆራጩ ጎረቤታችንን አንስቶ ተሸከማት፤ የበሬ ታፋ መሸከም የለመደ ትከሻ ነው፣ አልከበደውም። እኔ አስፋልቱ መሃል ገብቼ ሁለት እጄን ዘርግቼ ያገኘሁትን ላዳ አስቆምኩ። ሹፌሩ ሊሰድበኝ አፉን ከፈተና እሷን ሲያይ ስድቡን ትቶ በሩን ከፈተ። ጤና ጣቢያው ሩቅ አይደለም፤ የዚያን ቀን ግን መብራቱ ሁሉ ቀይ ሆነብን። እኔ ፉጨቱን አዳምጣለሁ። ክፉ ፉጨት ነው፤ ግን እንዳይቆም እለምን ነበር።

"ምን ነካት?" አለች ነርሷ።

"ንብ ነደፈቻት።"

"መቼ?"

አንድ የሲሚንቶ ወሬ የሚፈጀውን ያህል ነው፣ ምን ልበላት? "ሩብ ሰዓት ይሆናል" አልኳት። ጭኗ ላይ መርፌ ወጓት፣ አፍና አፍንጫዋ ላይ የአየር መስጫ አደረጉላት።

"እጇ የሚሸተው ምንድነው?"

"ሽንኩርት።"

"ሽንኩርት ለወጥ ነው አባባ። ከንፈር ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ሮጦ ማምጣት ነው።"

ውጪ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ባለቤቴ ትጸልያለች። እኔ ጸሎት ጠፋብኝ። በወሬዬ ገደልኳት፣ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም፤ ነርሷ ብቅ ብላ ግቡ አለችን።

ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ሙሉ በሙሉ ባይመለስም የራሷ ከንፈር ነው። ፉጨቱ የለም።

"ጋሼ" አለችኝ፣ "ሲሚንቶው በምን ለቀቀ?"

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። "የምትስቂ መስሎኝ ነው፣ ይቅር በይኝ" አልኳት።

"መጀመሪያማ እየሳቅሁ ነበር። ተለሰነ ሲሉ ነው ትንፋሼ ያጠረው። በሳቁ መስሎኝ እኔም ዝም አልኩ።"

ያን ስትል ከጀርባዬ የሲሚንቶ ከረጢት የወረደልኝ ያህል ቀለለኝ። ለካ እሷም እንደኔ ተሳስታ ኖሯል።

"በመዶሻ ነው የለቀቀው" አልኳት። ሳቀች፤ ጥርሷን ለመሸፈን ነጠላዋን ብትፈልግ ባለቤቴ ይዛዋለች፣ አልሰጠቻትም።

እስከ ከሰዓት በኋላ አቆይተው አዩዋትና ወደ ቤት ለቀቋት። ትልቋ ልጇ መጥታ አብራት አደረች።

በማግስቱ ገና ወፍ ሲንጫጫ ተነስቼ ደጃፏ ሄድኩ። ለማንኳኳት አፈርኩ፤ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። ውስጥ ልጇን እየተቆጣቻት ነው፤ ባልዲውን ማን እዚህ ገተረው፣ ፎጣውን ማን መሬት ጣለው፣ ሁሉንም ያለ ፉጨት በአንድ ትንፋሽ። እስክትጨርስ ድረስ አዳመጥኳትና ቤቴ ተመልሼ ተኛሁ።