ሌባ ጣትህን ስጠኝ

ስሟን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ የካንሰር ክፍሉ ሰው ሁሉ «አውራ ጣት» ነው የሚላት። ለዓመታት ወለል ስትወለውል የኖረች የጽዳት ሠራተኛ ናት። አንዲት ነርስ ከሥልጠና ስትመለስ የእጇን ጥንካሬ አይታ፣ በጣት ተጭኖ ሕመም ማስታገስን አስተማረቻት። ከዚያ ወዲህ ከዳሌ አጥንት መቅኒ በሚቀዳበት ሰዓት መወልወያዋን በር ላይ አቁማ፣ እጇን ታጥባ ትገባለች።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። በሽተኛው በጎኑ ይተኛል፣ ሐኪሙ ከኋላው ይቆማል፣ እሷ ከፊቱ በርጩማ ላይ ተቀምጣ እጁን ትይዛለች። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ያለችውን ሥጋ ፈልጋ በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ሳታንቀሳቅስ ትይዛለች። መቅኒው ሲሳብ ማደንዘዣ የማይደርስበት ሕመም አለና።

«በል ሌባ ጣትህን ስጠኝ» ትላለች። «ሌባው ከተያዘ ሕመሙ የት ይደርሳል?»

ይስቃሉ። ሲስቁ መርፌው ይገባል። ሐኪሙ «የምወጋው እኔ፣ የምትመረቀው እሷ» እያለ ያጉረመርማል።

አንድ አናጢ ለምርመራ እስኪመጣ ሁሉም ደህና ነበር። የሱን እጅ ይዛ ሳለ ከቆዳው ሥር የሆነ ነገር ጣቷን መልሶ ነካት። ሦስት ጊዜ፣ ቀስ ብሎ፣ ከውስጥ በር እንደሚያንኳኳ ሰው። የደም ሥር ምት መሰላት። የደም ሥር ግን ሦስቴ መትቶ አያቆምም። አናጢው ለውጤቱ በተቀጠረበት ቀን ሚስቱ ጥቁር ለብሳ መጣች። ከወር በኋላ በአንዲት የሒሳብ አስተማሪ እጅ ውስጥ አንኳኳ፤ እሷም አልተመለሰችም። ሦስተኛም ነበር፤ እሱን ማንሳት አትወድም።

ለማን ትናገረው? ባሏ ቢሰማ «ዕረፍት ውሰጂ» ከማለት አያልፍም። እንዳትተወው ደግሞ በሽተኞቹ እሷን እሷን ይላሉ። ዝም ብላ መያዟን ቀጠለች፤ እጅ በያዘች ቁጥር ግን ጆሮዋ ሁሉ ጣቷ ላይ ነው።

እንዲህ ሆና ሳለ ታናሽ እህቷ ታመመች፤ እናታቸው ከሞተች በኋላ አዝላ ያሳደገቻት እህቷ። የደም ምርመራዋ አላምር ብሎ መቅኒዋ እንዲታይ ታዘዘ።

«እትዬ፣ አንቺ ነሽ አይደል የምትይዢኝ?»

«ነርሷ ትይዝሽ። እኔንም ያስተማረችኝ እሷ ናት።»

«የሰው ሁሉ እጅ ትይዣለሽ፤ የኔ ብቻ ይቆረቁርሻል?»

በቀጠሮው ቀን ነርሷ ሌላ ክፍል ተፈልጋ ሄደች። አውራ ጣት ኮሪደሩ ላይ ሆና አንዱን የጸዳ ቦታ ደጋግማ ትወለውላለች። እህቷ ከውስጥ ስትጮህ ሰማች። ያንን ማንኳኳት ትፈራዋለች፤ ጩኸቱ ግን ከዚያ ባሰባት። መወልወያውን ጥላ ገባች።

በርጩማው ላይ ተቀምጣ የእህቷን ቀጭን እጅ ያዘች። ቀልዱ አልመጣላትም። ቦታውን አገኘች፣ ጫነች፣ ጠበቀች። ሐኪሙ መቅኒውን ሲስብ እህቷ ዓይኗን ጨፍና በረጅሙ ተነፈሰች እንጂ አልጮኸችም። ከቆዳው ሥር ምንም የለም፤ ሥጋና ሙቀት ብቻ። ሌላ ደቂቃ ጠበቀች። አሁንም ምንም የለም። ደስታው አላስችል ብሏት ዕንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«አለቀ» አለ ሐኪሙ።

እህቷ ቀና ብላ አየቻት። «አንቺ ከገባሽ ወዲህ ምንም አላመመኝም፣ እትዬ። ግን በጣትሽ ምን እያልሽኝ ነበር?»

«ምን አልኩሽ?»

«ሦስቴ መታ መታ አደረግሽኝ እኮ፣ ቀስ ብለሽ።»

ጣቷን ጨርሶ አላንቀሳቀሰችም ነበር። ጎንበስ ብላ አየችው፤ ያው እንደ ወትሮው ሰፊ፣ ጥፍሩ አጭር። ለእህቷ የተሰማት ደስታ አልጠፋም፤ ለራሷ የሆነ ፍርሃት መጥቶ ከጎኑ ተቀመጠ እንጂ። የእህቷን እጅ ግን አልለቀቀችም።

«እንድትረጋጊ ብዬ ነው» አለቻት።