ጋሪው ክሊኒክ ሳይደርስ የቆመበት በር

ዛሬ ዳንግላ ሰው ልንቀብር ነበር፤ እግዜር አተረፈን!

አረቄ ወዳጁ ጋሽ አለሙ ገበያ መሀል ተዘርረው ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። የክሊኒካችን ድሬሰር፣ የጤና ረዳቱ፣ ደርሶ ጋሪ ላይ በጎናቸው አስተኛቸውና አብሯቸው ወጥቶ «ወደ ክሊኒክ፣ ቶሎ!» አለ።

ባለጋሪው ደንግጦ እሳቸውን ሲደግፍ ልጓሙን ለቀቀው። ፈረሱ ግን ጋሽ አለሙን የት እንደሚያደርስ ያውቃል፤ ማታ ማታ የሚያመላልሳቸው እሱ ነው። ጋልቦ ጋልቦ እትዬ ጥሩነሽ አረቄ ቤት በር ላይ ቀጥ!

እትዬ ብቅ ብለው፣ «ውይ! ዛሬስ ሌላ ቤት ጠጥተው መጡ?» ብለው ተቀየሙ።

ድሬሰሩ ልጓሙን ነጥቆ ፈረሱን እየገረፈ ክሊኒክ አደረሳቸው፤ ነፍሳቸውም ተረፈች።

ጋሽ አለሙ ዓይናቸውን እንደገለጡ ድሬሰሩን በቁጣ፣ «አንተ፣ ቅድም ጋሪው ሲቆም ለምን አላወረድከኝም?» አሉት።

እናንተ ዘንድስ እንዲህ ያለ ምስጋና የደረሰው ሐኪም አለ? እስቲ አጫውቱኝ።