ስኳሩ እስኪያልቅ

ፔዳ በሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር ሥራዬ ስኳር ማበላሸት ነበር። ቤተሰቦቼ የሚያውቁት እንዲህ ብለው ነው። አባቴ ወረታ ላይ ስኳርና ጨው በጆንያ የሚሸጥ ነጋዴ ስለነበር፣ "እኔ የምሸጠውን ልታቃጥል ነው የተማርኸው?" እያለ ይስቅብኝ ነበር። አስረዳሁት። ፍሩክቶስ የሚባለው የፍራፍሬ ስኳር ከአሲድ ጋር ሲሞቅ ከእያንዳንዱ ሞለኪውል ሦስት ውሃ ይወጣል፤ ከሚቀረው ነገር ፕላስቲክም ነዳጅም ይሠራል። ጣጣው ሰዓቱ ነው። ቶሎ ከቆመ ስኳሩ እንዳለ ይቀራል፣ ከዘገየ ደግሞ ምርቱ እርስ በርሱ ተጣብቆ ጥቁር ዝቃጭ ይሆናል። "እንደ ሽሮ ነዋ፣ ዞር ካልህ ያርራል" አለኝ። ከዚህ የተሻለ አስተማሪ አላጋጠመኝም።

ያን ቀን ጠዋት ወራት ጠብቄ ካገኘሁት የአሲድ ዱቄት የቀረኝ ለአንድ ሙከራ የሚበቃ ብቻ ነበር። እሱ ከተበላሸ መመረቅ የለም። ላብራቶሪ ስገባ ስልኬን አጠፋለሁ፤ ስለዚህ አጎቴ የደወለው አባቴን ያውቁት ለነበሩት ለላብራቶሪው ኃላፊ ነው። "ወንድሜ ንጋት ላይ፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ አርፏል። ልጁን ሳይነግሩት ይላኩልኝ፤ ጀናዛው ቀትር ላይ ለዙሁር ሶላት ወጥቶ ይቀበራል" አላቸው። ይህን ሁሉ የሰማሁት ኋላ ነው።

ኃላፊው ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። በእሳቸው ዘንድ መርዶ በደረቁ አይነገርም። ሰውዬው የያዘውን ይጨርሳል፣ እህል ይቀምሳል፣ ከዚያ ነው የሚረዳው። ቀብሩም ቢሆን ልጅ ከሩቅ እስኪደርስ ይቆያል። የቀትሩ ሰዓት ቢነገራቸውም የበኩር ልጅ ሳይደርስማ አይቀብሩም ብለው አሰቡ። የእኛ የሙስሊሞቹ ቀብር ማንንም እንደማይጠብቅ አላወቁም። ዱቄቱ የመጨረሻ መሆኑን ግን አሳምረው ያውቁ ነበር።

ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። "ቀስ ብለህ ጨርስ፣ የኔ ልጅ" አሉኝ። የኔ ልጅ ብለውኝ አያውቁም፤ ብልቃጥ በሰበርሁ ቁጥር "አንተ ዝርክርክ!" ነበር የሚሉኝ።

"ጋሼ፣ ዛሬ ምን ነካዎት?" ብዬ ሳቅሁ።

በየአምስት ደቂቃው ጠብታ እየቀዳሁ በረዶ ውስጥ ስከት ሰዓቱን ይጠሩልኝ ጀመር። ፈሳሹ መጀመሪያ ቢጫ ሆነ፣ ቀጥሎ የማር መልክ ያዘ። ወደ ቡናማ ሊሄድ ሲል አቆምሁት። ፍርፍር አስመጥተው እስክጨርስ ቆመው አዩኝ። ከዚያ "አባትህን ትንሽ አሟቸዋል፣ እንሂድ" አሉ።

ወረታ ስንደርስ ወንዶቹ ከመቃብር እየተመለሱ ነበር። ጫማቸው ጭቃ ነበር። ማንም ምንም ሳይለኝ ገባኝ። አጎቴ ሽማግሌውን አየና "ምን አደረጉን?" አለ። እሳቸው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። "ሥራው እንዳይበላሽበት ብዬ ነው" አሉ።

አባቴን ወደ ጉድጓድ ማውረድ የእኔ ድርሻ ነበር። ጎረቤት አወረደው። ያን ሰዓት እኔ ፍርፍር እበላ ነበር። ይህን ስጽፍ እንኳ ደረቴ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ሐዘን ቤት ተቀመጥሁ፣ የመጣውን ሁሉ ተቀበልሁ፣ ሰው አልቅስ አለኝ፣ እንባዬ እምቢ አለ።

የዚያ ጠዋት ናሙና ሲለካ እስከዚያ ካገኘሁት ሁሉ የበለጠ ምርት ነበረው። ጽሑፌን ሳቀርብ ፈታኞቹ "በዚህች ደቂቃ ለማቆም እንዴት ወሰንህ?" አሉኝ። "ቀለሙን አይቼ" አልሁ። ሽማግሌው ከኋላ ወንበር አቀርቅረው ያለቅሱ ነበር።

ብዙ ጊዜ ይቅርታ ጠይቀውኛል። እኔም "ይቅር ብዬዎታለሁ፣ ጋሼ" እላቸዋለሁ። የማልነግራቸው አንድ ነገር አለ። ያን ጠዋት እውነቱን ነግረውኝ ቢሆን ኖሮ፣ ብልቃጡን እያየሁ "ሃያ ደቂቃ ብቻ ይስጡኝ" እል የነበረ ይመስለኛል። ይህን ብነግራቸው ይቀላቸው ነበር። እሳቸው ዛሬም በራሳቸው ይፈርዳሉ፤ እኔም ዝም እላለሁ።