ቀኑ ያልደረሰ ባነር

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ነው። የሰው ፎቶ ያለበት ሥራ በመጣልኝ ቁጥር ትዝ እያለኝ ብቻዬን እስቃለሁ።

የካ ሚካኤል አካባቢ ባነርና የጥሪ ካርድ እየሠራሁ ነው የምኖረው። አንድ ቅዳሜ የሰፈሩ እድር ጸሐፊ ወይዘሮ አስካለ በጎረነነ ድምፅ ደወሉልኝ። የእድሩን ሊቀመንበር የጋሽ ወንድሙን ፎቶ በቴሌግራም እንደሚልኩልኝ፣ ከሥሩ «ውለታዎን አንረሳም» ብዬ እንድጽፍና እሁድ ጠዋት ድንኳኑ በር ላይ እንዲሰቀል ነገሩኝ።

እድር፣ ድንኳን፣ የጎረነነ ድምፅ። ምን ልጠይቅ? እንደ ወጉ ቢሆን ከመታተሙ በፊት ናሙናውን ልኬ ማሳየት ነበረብኝ። ሐዘን ላይ ላለ ሰው «ቀለሙን ወደዱት?» ማለት ግን ነውር መሰለኝ። ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አደረግኩት፤ በጥቁር ፍሬም ከብቤ ግራና ቀኝ ሻማ አበራሁበት። «ነፍስ ይማር» የሚለውን ደግሞ ከራሴ መረቅኩላቸው።

እሁድ ጥቁር ኮቴን ለብሼ ባነሩን ራሴ ወሰድኩ። ድንኳኑን ለሚያስተካክሉት ወጣቶች ሰጠኋቸውና በር ላይ እንግዳ ወደሚቀበሉ አንድ ሽማግሌ ሄድኩ። ጎንበስ ብዬ «እግዜር ያጽናዎት» አልኳቸው።

«ማን ሞቶ ነው?» አሉኝ ደንገጥ ብለው።

መርዶ ያልሰሙ ዘመድ መሰሉኝ። እንዴት አድርጌ ልንገራቸው እያልኩ ስጨነቅ ባነሩ ተዘረጋ። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት። እኔም እሱን አየሁ፣ እሳቸውን አየሁ። ፎቶው የጎልማሳነታቸው ቢሆንም አፍንጫው ያው ነበር።

ለካ እድሩ ሊቀመንበሩን አመስግኖ በክብር ሊያሰናብት ኖሯል። የወይዘሮ አስካለን ድምፅ የዘጋው ጉንፋን ነው። ወይዘሮዋ ከድንኳኑ ወጥተው ባነሩን ሲያዩ አማተቡና የስድብ ናዳ አወረዱብኝ። ሁለት ሴቶች ደግሞ ባነሩን ከሩቅ አይተው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ ይመጣሉ። አፈርኩ፤ ፈራሁም። እንጀራዬ ከዚሁ ሰፈር ነው፤ ጋሽ ወንድሙ ከተቀየሙኝ ከዚያ ወዲያ ሥራ የሚሰጠኝ የለም።

እሳቸው ግን ባነሩን ከዳር እስከ ዳር አነበቡት።

«ግሩም ሥራ ነው። ቀኑን ብቻ አልጠየቅክም» አሉኝ በመጨረሻ። ወደ ወጣቶቹም ዞር ብለው «ጠቅልላችሁ አልጋዬ ሥር አኑሩልኝ፤ መጥቀሙ አይቀርም» አሏቸው። ከዚያ ከጎናቸው አስቀምጠው አበሉኝ።

አሁን ደንበኛ ሲደውልልኝ፣ ነውርም ቢሆን፣ ዝግጅቱ የምን እንደሆነ እጠይቃለሁ። ናሙና ሳላሳይም አላትምም። ጋሽ ወንድሙን መንገድ ላይ ሳገኛቸው ግን ከልቤ ደስ ይለኛል። ሥራው እንዳይሰቀልለት የሚጸልይ ዲዛይነር ቢኖር እኔ ብቻ ነኝ።