ቢራን ለእናቱ ያሳያት ዱባይ

ኪሱን ሳይነካ ዱባይን ማየት የፈለገ እንግዳ ዴይራ ሰፈር መጥቶ ቢራንን ይጠይቅ። ልብስ ሰፊ ነው፤ እንደ እኔና እንደ ባሌ የሕንዷ ኬረላ ሰው ነው። የፋውንቴኑ ውሃ በሙዚቃ ሲጨፍር ከየት ቆሞ ማየት እንደሚሻል፣ እግረ ረጃጅሞቹ ሮዝ ወፎች መቼ ረግረጉ ላይ እንደሚሰፍሩ፣ የገበያ አዳራሹን ግዙፍ የዓሣ ገንዳ ሳይከፍሉ በየት በኩል እንደሚያዩት ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ባሌ «ቢራን በነጻ ከተባለ መርዝም ይቀምሳል» እያለ ይስቅበታል።

ዘንድሮ በዓመት ፈቃዱ አገር ቤት መግባት ሲገባው፣ እናቱን እማማ ቢያቱን ወደዚህ አስመጣቸው። እኔ አልወደድኩለትም። መርሳት ከጀመሩ ሰንብተዋል፤ እንዲህ የሆነን ሰው ከደጁ መንቀል ደግ አይደለም። እሱ ግን ባለፈው ሄዶ «የማን ልጅ ነህ?» ብለውት ልቡ ተሰብሮ ነበር የተመለሰው።

«ሱህራ እህቴ፣ በስልክ የምነግራትን ቦታ ሁሉ በዓይኗ ብታየው እኔም ትዝ እላት ይሆናል» አለኝ።

ሌላ ምኞት አልነበረውም። ከመመለሳቸው በፊት አንዴ ፊቱን አይተው «ልጄ» እንዲሉት ብቻ ነበር የፈለገው። እሱ የሚኖረው ከወንዶች ጋር ተደራርቦ ስለሆነ እሳቸውን እኛ ጋ አሳረፍናቸው። ባሌ አልጋውን ለቆ ሳሎን ወለል ላይ ተኛ፤ ማጉረምረሙ ግን አልቀረም።

መጀመሪያ ወደ ዓሣው ገንዳ ሄድን። እማማ ቢያቱ ከመስተዋቱ ማዶ የሚዋኘውን ሻርክ ትክ ብለው አዩት። «በኮኮናት ቢሠራ ጥሩ ወጥ ይወጣው ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ አስረውታል» አሉ። በማግስቱ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወሰድናቸው፤ «ከውሃ አገር ተነስቼ ውሃ ላይ?» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ወፎቹ ጋ ስንደርስ ደግሞ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ቢራን ግን ተስፋ አይቆርጥም፤ አመሻሹ ላይ ወደሚጨፍረው ውሃ ይዞን ሄደ።

ውሃው ሽቅብ ሲወረወር እማማ ቢያቱ ክንዴን ያዙኝ። «ይሄን ልጄ ነግሮኛል» አሉ።

ቢራን ደነገጠ። «ምን አለሽ እማዬ?»

«በዘፈን ይጨፍራል ብሎኛል። እየመጣ ያየዋል።» ሰዉን ቃኙት። «የት ጋ ነው የሚቆመው?»

«እዚሁ ነው። አሁን አንቺ የቆምሽበት ጋ።»

«ታዲያ ዛሬ ምነው ቀረ?»

አላስቻለኝም። «እማማ፣ ይሄ እኮ ነው ልጅዎ» አልኳቸው።

ፊቱን ደህና አድርገው አዩትና ሳቁ። «አንቺ ደግሞ ታላግጫለሽ። የእኔ ልጅ ጢሙ ገና ማቀምቀሙ ነው። ይሄ ሽበታም ነው።» ከዚያ አሳዘናቸው መሰለኝ ወደ እሱ ዞር አሉ። «ለመሆኑ እናት አለችህ?»

«አለችኝ።»

«ትደውልላታለህ?»

«በየዓርቡ።»

«ተባረክ» አሉት።

የመመለሻቸው ሳምንት ዓርብ ደረሰ። ከጁምዓ በኋላ ቢራን ወደ ቅመም ገበያ ሊወስዳቸው መጣ፤ ማሽተት አይከፈልበትም። እሳቸው ግን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ንቅንቅ አልልም አሉ።

«ዓርብ ነው። ልጄ ይደውላል። ሲያጣኝ ይደነግጣል።»

ለመንናቸው፤ እምቢ አሉ። እማማ ቢያቱ ሁሉን ቢረሱም በስልክ የቢራንን ድምፅ ስተውት አያውቁም። ምን ይደረግ፣ ልጁ ገና በለጋነቱ ነው የወጣው፤ ከዚያ ወዲህ ልጅ ማለት ለእሳቸው ዓርብ ዓርብ በጆሮ የሚገባ ድምፅ ነው። ቢራን አየኝ፣ አየሁት። ስልኬን አጠገባቸው አስቀመጥኩ፤ እሱ ወደ ደረጃው ወጣ።

ስልኩ ጮኸ። አንስቼ ሰጠኋቸው።

«ልጄ» አሉ፣ ገና ድምፁን እንደሰሙ። «ምሳ በላህ? እኔ እኮ ዱባይ ነኝ። ሁሉን አሳዩኝ፤ ያላየሁት አንተን ብቻ ነው። ና አልልህም፤ እንደማይለቁህ አውቃለሁ። እዚህ አንድ ደግ ሰው አለ፤ የሚወስደኝም የሚመልሰኝም እሱ ነው። ሰው ያለው አይመስለኝም፤ ያሳዝናል። ስትመጣ ቤት እንጠራዋለን።»

በሩን ይዤ መሃል ቆሜ ቀረሁ። ከውጭ ቢራን ግንባሩን ግድግዳው ላይ ደግፎ «እሺ እማዬ፣ እሺ» ይላል፤ ከውስጥ እሳቸው ይስቃሉ። ከሁለቱ አንዱን እንኳ ላግዝ አልቻልኩም። አለቀስኩ።

ቢራን ፊቱን ታጥቦ ገባ።

«ልጄ ደወለ» አሉት፣ ፊታቸው በርቶ። «ስላንተም ነገርኩት። ሰላም ብሎሃል።»

«ሰላም ይበሉልኝ፣ እማማ» አለና ጎንበስ ብሎ ጫማቸውን አደረገላቸው።