ደርባን ነኝ ብዬ አንዲስ ተራራ ላይ

ወገኖቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን! ጌታ ያደረገልኝን ሳልመሰክር ዛሬ አልቀመጥም። ስሙ ይባረክ!

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ፤ የሆሳዕናው ልጅ፣ ቮስሎሩስ ሰፈር ስፓዛ የምንላት ትንሽ ሱቅ የነበረችኝ። እሁድ እሁድ እዚህ እዘምር ነበር፤ ልቤ ግን አሜሪካ ነበር። አንድ ቀን ባለቤቴን ታደለችን "ዕቃ ላመጣ ደርባን ልሂድ፣ ትንሽ እቆያለሁ" አልኳትና በዚያ አድርጌ አሜሪካ ልሻገር ወደ ብራዚል በረርኩ። ነፍሰ ጡር ነበረች፣ ወገኖቼ።

ከብራዚል ከሌሎች ስደተኞች ጋር በመኪናም በእግርም ቦሊቪያ ገባን። አንዲስ የሚባለውን ተራራ ስንወጣ አየሩ ሳሳ፤ ደረቴ ያፏጭ ጀመር። የሚያሻግረን መንገድ መሪ "ይሄ አይደርስም" ብሎ ጥሎኝ ሄደ።

ራሴን ስቼ ስነቃ የማላውቀው ጎጆ ውስጥ ነኝ፤ ደመናው ከደጁ በታች ተኝቷል። ላማ የሚሏቸው፣ ጆሯቸው ላይ ቀይ ክር የታሰረላቸው አንገተ ረጃጅም እንስሳት በበሩ ያዩኛል። "በቃ ሞቻለሁ" አልኩ። ከውጭ እንደ እስክስታ ያለ የእግር ድምፅ ይሰማል። ለካስ ኢላሪዮ የሚባል ገበሬና ሚስቱ ሲሞና ውርጭ የመታውን ድንች በባዶ እግር እየረገጡ ውሃውን ያወጣሉ፤ ደርቆ ለዓመታት ይቆይላቸዋል። አይማራ ናቸው፣ የአገሩ ነባር ሕዝብ። የማያውቁኝን ሰው ከመንገድ አንስተው በላማ ፀጉር ብርድ ልብስ ጠቅልለውኛል። ሕልም ይሁን እውን አልለየሁም።

ከታች መንደር ነርስ በእግሯ መጥታ፣ "ሳንባው ውሃ ቋጥሯል፤ ወደ ቆላ ካልወረደ አይተርፍም" አለች። የመኪናውን መንገድ ደግሞ ናዳ ዘግቶታል።

ሲሞና አጠገቤ ተንበረከከች። መንገድ ላይ በለቃቀምኳት ስፓኒሽ ነበር የምንግባባው።

"ሚስት አለህ?"

"አለችኝ።"

"የት ያለህ ይመስላታል?"

"ደርባን።"

ብርድ ልብሱን ወደ ደረቴ ሳበችልኝ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "ታዲያ ጸሎቷ ደርባን ሄዶ እየፈለገህ ነዋ!" አለችኝ።

ወገኖቼ፣ ልቤ ተሰነጠቀ! "ጌታ ሆይ፣ ያለሁት እዚህ ነው፤ ውሸታም ነኝ፤ ማረኝ" ብዬ አነባሁ። ስዘምር የኖርኩት ሰው፣ ከልቤ ስጸልይ ያ የመጀመሪያዬ ነው። እነሱም በቋንቋቸው ሲጸልዩልኝ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ፉጨቱ የለም! ነርሷ ደረቴን አዳመጠች፣ ደግማ አዳመጠችና "ምን አደረጋችሁት?" አለች። ሃሌሉያ! አሜን በሉ እንጂ!

እስክጠነክር ከእነሱ ጋር ድንች ስረግጥ ከረምኩ። ከዚያ ለታደለች ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። ብዙ አለቀሰች።

"ሴት ልጅ ወልጃለሁ" አለችኝ። "ና። ግን መጀመሪያ ይህንኑ በጉባኤው ፊት ተናገር፤ ከዚያ እናያለን።"

ይኸው ተመልሼ ተናገርኩ። ቤቴ ገና አልገባሁም፤ የማድረው ሂልብሮው ሰፈር፣ ጓደኛዬ ጋ ነው። ታደለች ያቻትና ከኋላ ተቀምጣለች፤ ምን እንደምትለኝ አላውቅም። ትንፋሼን የመለሰልኝን ግን አመሰግነዋለሁ። እናንተም የደበቃችሁት ካለ ዛሬውኑ ንገሩት፤ እውነት ሲነገረው የሚሸሽ አምላክ አይደለም። እኔ ልጄን ገና አላቀፍኳትም፤ ሆኖም ታምኜበታለሁ። እናንተም ታመኑበት።