የባለቤቴ ኩክ ማውጫዎች

ባለቤቴ የሰበሰባቸው የብር ኩክ ማውጫዎች አሥራ አራት ነበሩ። እያንዳንዳቸው ከየት እንደ መጡ፣ ከማን አንገት እንደ ወረዱ፣ ጨርሼ ሳልረሳው ልጽፍ ከተቀመጥሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። እስካሁን የጻፍሁት የስድስቱን ነው።

ኩክ ማውጫ ጣት የምታህል፣ ጫፏ እንደ ማንኪያ የጎደጎደች የጆሮ መጥረጊያ ናት። እናቶቻችን በማተባቸው ላይ ከመስቀሉ ጎን ያንጠለጥሏት ነበር። አንጥረኛው አናቷ ላይ ወፍ ወይም መስቀል ወይም የሐረግ ሥራ ስለሚያደርግባት ጌጥም ናት። አሁን አሁን የደብረ ማርቆስ ልጃገረዶች የአሮጊት ጌጥ ነው እያሉ ከእናቶቻቸው ይቀበሉና አስቀልጠው ጉትቻ ያሠሩበታል።

ባለቤቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። ነገሩን የጀመረው የጠበበ ቀለበቱን ሊያሰፋ አንጥረኛ ቤት በሄደ ቀን ነው። አንዲት ኩክ ማውጫ ከጠገራ ብሮች ጋር ከወናፉ ፊት ተቀምጣ ልትቀልጥ ተራዋን ስትጠብቅ አየና ገዝቷት መጣ። አናቷ ላይ ያለችው ወፍ አንድ ክንፍ የላትም።

"ምን ልታደርግልህ ነው?" አልሁት።

"እንጃ። ዝም ብዬ መውጣት አቃተኝ" አለኝ።

ከዚያ ወዲህ አንጥረኛው ለማቅለጥ የመጣለትን ሁሉ አስቀድሞ ለእሱ ያሳየው ጀመር። ለሥራም ሆነ ለበዓል ወደ ይጁቤ፣ ወደ ዲማ፣ ወደ መርጡለ ማርያም ሲሄድም እያጠያየቀ ይገዛል። በሳንቃ ላይ ጥቁር የከፋይ ጨርቅ ወጠረና በእልፍኙ ግድግዳ፣ ከንጉሠ ነገሥቱ ሥዕል ትይዩ ሰቀለው። ኩክ ማውጫዎቹን እዚያ ላይ አንድ በአንድ ደረደራቸው።

የጎረቤቴ ምላስ አይቻልም። አንድ ቀን በራችን ላይ ቆማ፣ "እቴ፣ የሰው ባል ከይጁቤ ቅቤና ማር ጭኖ ይገባል፤ ያንቺው የሰው ጆሮ ሲጎረጉር የኖረ ብር ለቅሞ ይመጣል!" አለችኝ።

"ምን ላድርገው ብለሽ ነው?"

"ፍርድ ቤት ሲጮኹበት እየዋለ ጆሮው ተደፍኖ ይሆናላ!"

እሱ ከውስጥ ሰምቷት ኖሯል። "የምላስ ማሳጠሪያ ባገኝ መጀመሪያ የምገዛው ላንቺ ነበር!" አላት። ሦስታችንም ሳቅን።

እሁድ ከቅዳሴ ስንመለስ ሳንቃውን አውርዶ በደረቅ ጨርቅ ያብሳቸዋል። አመድም ሎሚም አያስነካም። "ጥቁረቱን ተዪው፤ ዕድሜው እሱ ነው" ይላል። እያበሰ ስለ እያንዳንዷ ያወራል። ይህች የዲማዋ ናት፤ ባሏ ባስኮረፋት ቁጥር በጣቷ ስታጠማዝዛት ኖራ እንዲህ ጎበጠች። ይህች ደግሞ የይጁቤዋ፤ ቀዳዳዋን ማተቡ በልቶ ጨርሶታል። እኔ ምሳ እያቀራረብሁ እሰማለሁ። እውነቱን ለመናገር ግማሹን አልሰማም ነበር። በሚመጣው እሁድ ደግሞ ያወራዋል ብዬ ነው። እሱ ቀኑን ሙሉ የሰው ክርክር ሲጽፍ ስለሚውል ቤት ከገባ ብዕር አይነካም። እኔ የቄስ ልጅ ነኝ፤ ዳዊት ደግሜ፣ ጽሕፈት ተምሬ ነው ያደግሁት። ልጽፈው እችል ነበር። አላሰብሁትም።

ክረምት ሲገባ ታመመ፤ በዐሥር ቀኑ ሞተ። ልጅ የለንም።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ቤቱን ለእንግዳ ማሰናዳት ጀመርሁ። ብሮቹ ጠቁረው ከከፋዩ አይለዩም። ሰው ሁሉ "ባሏ ሲሞት ቤቱን ጣለችው" የሚለኝ መሰለኝ። በራሴ እጅ ከማበላሽ ባለሙያ ይንካቸው ብዬ ሁሉንም ነቅዬ በመሐረብ ቋጠርሁ። ባለቤቴን የሚያውቀው አንጥረኛ ዓይኑ ጠፍቶ ሥራውን ትቷል። ስለዚህ በቅርቡ ወደ ከተማችን ለመጣው ለሌላው ወሰድሁለት።

"ወንድሜ፣ እነዚህን ለሙት ዓመት አድስልኝ" አልሁት።

"ሁሉንም ላድሳቸው?"

"ሁሉንም።"

"እንዳሉ አሥራ አራት ይሁኑ?"

ጥያቄው ገረመኝ። "ታዲያ ስንት ሊሆኑ ኖሯል?" ብዬው ወጣሁ።

ማደስ ለእኔ ደግ ቃል ነው። የደከመ ይታደሳል፣ ነፍስ ትታደሳለች ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። በአንጥረኞች ሙያ ግን ማጠብ ሌላ፣ ማደስ ሌላ ኖሯል። ማደስ ማለት አቅልጦ እንደ ገና መሥራት ነው። ይህን ያወቅሁት ብሮቹን ልቀበል በሄድሁ ቀን ነው።

አሥራ አራቱን በነጭ ጨርቅ ላይ ደርድሮ ጠበቀኝ። ያበራሉ። ሁሉም እኩል ናቸው፤ የሁሉም አናት ላይ አንድ ዓይነት መስቀል አለ። ደክሞባቸዋል፤ ያስታውቃል።

"የእኔዎቹስ?" አልሁት።

"እነዚህ ናቸው እንጂ፣ እሜቴ።"

"አሮጌዎቹን ነው የምልህ!"

ፊቴን አይቶ ደነገጠ። ሚዛኑን ሳብ አድርጎ፣ "ይመዝኑት። ማርቆስን! ከብርዎ ቅንጣት አልነካሁም" አለ።

"ወፏስ?"

"የቷ ወፍ?"

"ክንፍ የሌላት።"

"እሷማ ተሰብራ ነበር እኮ፣ እሜቴ።"

ሊያጽናናኝ ፈልጎ መሰለኝ፣ "ጥቁር ከወደዱ በጭስ አጠቁርልዎታለሁ። ጥንታዊ ነው ብሎ የማይምል አይኖርም" አለኝ። ሌባ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሌባ ይረገማል፤ እሱን ምን ልበለው?

ቤት ገብቼ ከፋዩ ላይ መለስኋቸው። ከፋዩ በመስኮቱ ብርሃን ደብዝዞ ኖሯል፤ አሮጌዎቹ የነበሩበት ቦታ ብቻ እንደ ጥንቱ ጥቁር ነው። ረጅም፣ አጭር፣ ጎባጣ፣ አሥራ አራት ምልክት። ከአዲሶቹ አንዱም በምልክቱ ላይ ልክ አልመጣም።

በሙት ዓመቱ ቀን እንግዳው ሁሉ አደነቀ። ጎረቤቴም "አሁን ገና ጌጥ መሰሉ!" አለች፤ ወዲያው ዓይኔን አየችና በነጠላዋ አፏን ያዘች። የባለቤቴን እኅት ወደ ጥግ ወስጄ ጠየቅኋት። ከኩክ ማውጫዎቹ አንዷ የጥርስ ምልክት ነበረባት፤ ጥርስ ሲያበቅል የነበረ ሕፃን የነከሳት ናት። ባለቤቴ ሲያብስ እሷ ላይ ሲደርስ አውራ ጣቱን ያቆይ ነበር።

"ሕፃኑ የማን እንደ ሆነ ነግሮሽ ያውቃል?" አልኋት።

"እኔ ምን አውቄ፣ እቴ። በየእሁዱ ሲያወራ አጠገቡ የነበርሽ አንቺ።"

ዓይኑ ወደ ጠፋው ሽማግሌ አንጥረኛም ሄድሁ። ስለ ጥርሱ ምልክት ሳነሣበት ፊቱ በራ። "በወሬ አላስታውሳት ይሆናል። አምጪልኝና ልዳስሳት፤ ሁሉንም በጣቴ አውቃቸዋለሁ" ብሎ መዳፉን ዘረጋልኝ። መቅለጣቸውን ልነግረው አልቻልሁም። "አመጣለሁ" ብዬው ወጣሁ።

ትናንት ሰባተኛዋን ጻፍሁ፤ የጥርስ ምልክት የነበረባትን። ከመርጡለ ማርያም ከአንዲት እናት እንደ ተገዛች፣ ሕፃኑ አድጎ ወታደር ቤት ገብቶ እንደ ቀረ፣ እናቲቱ ስትሸጣት ፊቷን አዙራ እንደ ሰጠች ጻፍሁ። ጥሩ ሆኖ ወጣ። መልሼ ሳነበው ግን ባለቤቴ እንዲህ ብሎ እንደማያውቅ ገባኝ። ከሆዴ አውጥቼ ነው የጻፍሁት፤ ስጽፈውም አልታወቀኝም። ሰረዝሁት።

ከዚያ የፊተኞቹን ስድስቱን አውጥቼ አነበብኋቸው። የትኛው ከእሱ አፍ እንደ ወጣ፣ የትኛው ከእኔ እንደ ሆነ መለየት አቃተኝ። ሁለት ጊዜ ደግሜ አነበብሁ። የምምልበት አንድ እንኳ አላገኘሁም።